የዓይን ምስክርነት፦ ትክክለኛውን መንደርደሪያ ስለ መለየት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ፣ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት፣ የቀረበ ንግግር)




ይህ ጉባኤ የተሰበሰበበት ሰፈር ስሙ ቁጥር ነው። ነባር ነዋሪዎች እንደሚናገሩት፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የተባለው 22 ቁጥር አውቶቡስ እዚህ ደርሶ ይዞር ስለ ነበር ነው። ዛሬ «ሃያ ሁለት ወራጅ አለ» ብሎ ከታክሲ የሚወርድ ሰው ግን የሚፈልገው የአውቶቡሱን ማዞሪያ ሳይሆን ዓይኑ የለመደውን ሕንፃ፣ ሱቅ ወይም ቅያስ ነው። አዲስ አበቤ ቤቱን የሚያመለክተው በምልክት ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከቀዩ አጥር ቀጥሎ» ይላል። ዘዴው ምልክቱ በቦታው እስካለ ድረስ ይሠራል። አሮጌው ቤት ፈርሶ አዲስ ሕንፃ በቆመ ጊዜ፣ ወይም የሚመስለው ቀይ አጥር ከአንድ ቅያስ በፊት በታጠረ ጊዜ ግን፣ ሰፈሩን ከማንም በላይ አውቃለሁ የሚለው ሰው ያለ አንዳች ጥርጣሬ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። እንግዳው እየጠየቀ ስለሚሄድ የመሳሳት ዕድሉ ያነሰ ነው።

እግረኛ በር ቢሳሳት ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል። ከዚህ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በቦሌ ለማረፍ የሚወርድ አውሮፕላን ግን ለይቅርታ የሚሆን ጊዜ የለውም። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው፤ ይኸውም በጠራ ሰማይ፣ በደኅና አውሮፕላን፣ በሙያቸው የተመሰገኑ አብራሪዎች ወደ ተሳሳተ መንደርደሪያ ሊያቀኑ የሚችሉበትን ምክንያትና የመከላከያውን መንገድ መመርመር ነው።

ቪዥዋል አፕሮች በመባል የሚታወቀውን አሠራር በአማርኛ «በዓይን መቃረብ» ብንለው ያስኬዳል። አብራሪው መንደርደሪያውን ማየቱን ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል፤ ፈቃድ ሲሰጠው በመሣሪያ የተቀየሰውን መስመር ጨርሶ ሳይከተል ባየው ተመርቶ ይወርዳል። አሠራሩ ሕጋዊ ነው፤ ጊዜና ነዳጅ ይቆጥባል፤ በየዕለቱም በብዙ አገር በሰላም ይፈጸማል። ነገር ግን ፈቃዱ በተሰጠበት ቅጽበት አንድ ከባድ ፍርድ ወደ ኮክፒቱ ይተላለፋል። ያም ፍርድ «የታየው መንደርደሪያ የተፈቀደው መንደርደሪያ ነው» የሚለው ነው። ተቆጣጣሪው አብራሪው የትኛውን አስፋልት እያየ እንደ ሆነ ሊያይለት አይችልም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ዓይን ብቻውን ምስክርም ዳኛም ይሆናል። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2021) አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የጭነት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ዛምቢያ፣ ወደ ንዶላ ከተማ በረረ። መድረሻው በዚያን ጊዜ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው የሲሞን ምዋንሳ ካፕዌፕዌ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን ሥራው ያላለቀ፣ ለበረራ ያልተከፈተ አዲስ ማረፊያ ይገኝ ነበር። አውሮፕላኑ ያረፈው በዚህ በአዲሱ ላይ ነው። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በዚያው ዕለት የዚሁ አየር መንገድ ሌላ የመንገደኞች አውሮፕላን ወደዚያው ወደ አልተከፈተው ማረፊያ ተቃርቦ፣ ሳያርፍ ተመልሶ ከተነሣ በኋላ በተገቢው ማረፊያ አረፈ። የዛምቢያ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ባለሥልጣን በወቅቱ ለጋዜጠኞች ሲያስረዱ፣ የጭነት አውሮፕላኑ አብራሪ በዓይኑ ተመርቶ ማረፉን ገልጸዋል። አዲሱ ማረፊያ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመርቆ ተከፈተ፤ የአሮጌውንም ስም ወረሰ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «ዓይናቸው የት ነበር?» ብሎ መገረም ቀላል ነው። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ሰው ዋናው ቁም ነገር ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። አንድ ሰው በአንድ ድንጋይ ቢደናቀፍ ሰውየው አላየም ይባላል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን በአንድ ድንጋይ ቢደናቀፉ ግን ድንጋዩን መመርመር ያስፈልጋል። ሁለት ልዩ ልዩ የበረራ ቡድኖች በአንድ ቀን ወደ አንድ የተሳሳተ ሜዳ ማቅናታቸው፣ ጉዳዩ የግለሰብ ዝንጉነት ብቻ ሳይሆን ሥፍራው ራሱ ለዓይን የዘረጋው ወጥመድ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ወጥመዱ የሚሠራው እንዲህ ነው። አብራሪው ወደ ከተማው ሲቃረብ የሚጠብቀው አንድ መንደርደሪያ ነው። ከሩቅ የሚታየው አዲስ አስፋልት ጥቁር፣ ሰፊና ረጅም ነው፤ ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ያነጣው አሮጌው ደግሞ ከአፈሩና ከቁጥቋጦው ጋር ይመሳሰላል። አእምሮ የሚጠብቀውን ነገር ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ ለተደረሰው ፍርድ ደጋፊ ሆኖ ይተረጐማል፤ የማይስማማው ነገር ሁሉ ሰበብ ይፈለግለታል። ርቀቱ ቢያንስ «ነፋሱ ገፍቶን ይሆናል»፣ ሕንፃው የተለየ ቢሆን «አድሰውት ይሆናል»፣ በሜዳው ላይ አውሮፕላን ባይኖር «ዛሬ ሥራ ቀዝቅዟል» ይባላል። እያንዳንዱ ሰበብ ለብቻው ሲታይ አጥጋቢ ነው። ስለዚህም የአብራሪው ድካም ወይም የልምድ ማነስ ለስሕተቱ የግድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ልምድ የበዛለት ሰው ሰበብ ለማግኘት የፈጠነ ነው።

ይህ ጉዳይ በእኛ አገር አብራሪዎች ወይም በአፍሪካ ማረፊያዎች ብቻ የሚታይ አለመሆኑን ለመረዳት፣ ከንዶላው አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሳን ፍራንሲስኮ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2017) እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አንድ የኤር ካናዳ ኤርባስ 320 በ28 ቀኝ መንደርደሪያ እንዲያርፍ ተፈቀደለት። በዚያ ሌሊት ጎን ለጎን ካሉት ሁለት መንደርደሪያዎች 28 ግራ ለሥራ ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። አብራሪዎቹ ሁለት መንደርደሪያ ለማየት ጠብቀው ስለ ነበር፣ የበራውን 28 ቀኝ እንደ ግራው ቈጠሩት፤ ከእርሱ በስተቀኝ የነበረውን፣ አውሮፕላኖች በየተራ ቆመው የሚጠብቁበትን ታክሲዌይ ደግሞ 28 ቀኝ ነው ብለው ወደዚያ አቀኑ።

በታክሲዌዩ ላይ ነዳጅና መንገደኛ የሞሉ አራት አውሮፕላኖች ቆመው ነበር። በመጪው አውሮፕላን ያሉት አብራሪዎች ከፊታቸው መብራት አይተው ተጠራጠሩና መንደርደሪያው ነጻ መሆኑን ጠየቁ። ተቆጣጣሪውም በ28 ቀኝ ላይ ማንም እንደሌለ አረጋገጠላቸው። መልሱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ጠያቂዎቹ የሚያዩትን አስፋልት የሚመለከት አልነበረም። በመጨረሻ መሬት ላይ ከነበሩት አብራሪዎች አንዱ አውሮፕላኑ ወደ ታክሲዌዩ እየመጣ መሆኑን በራዲዮ ተናገረ፤ ሌላውም የራሱን መብራት አበራ። መጪው አውሮፕላን ከመሬት እስከ 60 ጫማ ያህል ወርዶ ከቆሙት አውሮፕላኖች በላይ አልፎ ተነሣ። በአምስቱ አውሮፕላኖች ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከአንድ ሺሕ ይበልጡ ነበር።

ምርመራው ሲካሄድ ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ተገኙ። የመጀመሪያው፣ ለዚያ አቀራረብ በደንቡ መሠረት በእጅ መስተካከል የነበረበት የአይ.ኤል.ኤስ. ፍሪኩዌንሲ አለመስተካከሉ ነው፤ ተስተካክሎ ቢሆን መርፌው የመስመሩን መዛነፍ ባሳየ ነበር። ሁለተኛው፣ የ28 ግራን መዘጋት የሚያስታውቀው ኖታም ለአብራሪዎቹ ከደረሰው 27 ገጽ ወረቀት ውስጥ በስምንተኛው ገጽ ላይ መገኘቱ ነው። ማስታወቂያው ተሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ወረቀት መካከል ከተቀበረ መሰጠቱ ብቻውን ምን ይጠቅማል?

የሳን ፍራንሲስኮው ትምህርት ለቦሌ እንግዳ አይደለም። ቦሌም ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት። ከምሥራቅ ለሚመጣ 25 ግራና 25 ቀኝ ናቸው፤ ከምዕራብ ለሚመጣ 07 ግራና 07 ቀኝ። ከምሥራቅ ሲታይ 25 ግራ የሆነው አስፋልት ከምዕራብ ሲታይ 07 ቀኝ ነው። ነፋስ ዞሮ የማረፊያው አቅጣጫ ሲለወጥ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙም አብሮ ይገለበጣል። ትክክለኛውን ከስሕተቱ የሚለየው አንዲት ቃል ናት፤ ያችም ቃል በራዲዮ ጩኸት መካከል የምትነገር ናት።

በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ አለ። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ በመሆኑ፣ በፍጥነት መለኪያው ላይ 140 ኖት የሚያሳይ አውሮፕላን፣ ቀኑ 20 ዲግሪ ሙቀት ቢኖረው፣ ነፋስ ባይኖርም እንኳ በአየር ውስጥ የሚጓዘው ከ160 ኖት በላይ ነው። በተለመደው የሦስት ዲግሪ ቁልቁለት ይህ በደቂቃ ከ800 ጫማ ላላነሰ አወራረድ ያስገድዳል። ይህም ማለት በባሕር ዳርቻ ያለ ማረፊያን የለመደ ዓይን ለመመልከት፣ ለመጠራጠርና ለመወሰን የሚያገኘው ጊዜ በቦሌ ያጥርበታል ማለት ነው። ከ1,000 ጫማ እስከ መሬት ያለው ጊዜ 75 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ «እንግዲያው ዓይንን ትቶ መሣሪያን ማመን ነው» ወደሚል መደምደሚያ ሊመራ ይችላል። ይህም ሌላ ስሕተት ነው፤ ምስክሩም እዚሁ አዲስ አበባ አለ። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003) የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን አየር መንገድ ኤርባስ 320 በሌሊት፣ በደመና ውስጥ፣ በቪ.ኦ.አር. ተመርቶ ወደ ቦሌ ይቃረብ ነበር። አንድ ጊዜ ሞክሮ ትቶ፣ በሁለተኛው ሙከራ ከማረፊያው በስተሰሜን ምሥራቅ ካለ ሸንተረር 56 ጫማ ብቻ ከፍ ብሎ አለፈ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ የቪ.ኦ.አር. ጣቢያው አንቴና ውስጥ ውኃ ገብቶ የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጥ ነበር።

የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ከመርፌው መሳሳት ይልቅ ካርታው ከመርፌው ጋር መስማማቱ ነው። የአውሮፕላኑ ኮምፒዩተር የት እንዳለ የሚያሰላው ከዚያው ከተበላሸው ጣቢያ በሚያገኘው መረጃ ስለ ነበር፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ካርታም አብሮ ተሳሳተ። የመሬት መቃረብን የሚያስጠነቅቀውም መሣሪያ ቦታውን ከዚያው ኮምፒዩተር ይወስድ ስለ ነበር በጊዜ አልጮኸም። በአገራችን የሙግት ልማድ ሁለት ምስክር ከአንድ ይበልጣል፤ ሁለቱም የሚናገሩት ከአንድ ሰው የሰሙትን ከሆነ ግን ዳኛው እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል። በዚያ ሌሊት በኮክፒቱ ውስጥ ሦስት ምስክር የነበረ ይመስል ነበር፤ በእርግጥ የነበረው አንድ፣ እርሱም ሐሰተኛ፣ ምስክር ነው።

እንግዲህ ንዶላና ቦሌ ተቃራኒ ይመስላሉ። በአንዱ ዓይን አሳሳተ፣ በሌላው መሣሪያ። ሆኖም ትምህርታቸው አንድ ነው። አንድ ምስክር፣ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ አውሮፕላን ለማሳረፍ አይበቃም፤ ሁለተኛውም ምስክር ከመጀመሪያው ያልሰማ፣ በራሱ ያየ መሆን አለበት። ዓይን መንደርደሪያውን ሲያሳይ መሣሪያው ይጠየቅ፤ መሣሪያው መንገዱን ሲያሳይ ዓይን ይጠየቅ። ሁለቱ ሲለያዩ ማን ትክክል እንደ ሆነ የሚታወቀው አየር ላይ ሆኖ ነው እንጂ ለማረፍ እየወረዱ አይደለም።

ይህ በተግባር ሲተረጐም አዲስ ነገር የለውም። ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ መንደርደሪያው አይ.ኤል.ኤስ. ካለው ፍሪኩዌንሲው ተስተካክሎ መርፌው ይታይ። ከሌለው፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የመንደርደሪያ ጫፍ ርቀት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ በርቀት መለኪያው 15 ኪሎ ሜትር የቀረው አውሮፕላን ከፊቱ አስፋልት ቢደቀንበት፣ ያ አስፋልት የማን እንደ ሆነ ይጠየቅ። በአስፋልቱ ጫፍ የተጻፈው ቁጥር በሁለቱም አብራሪዎች ይነበብ። ከበረራ በፊት በሚደረገው ገለጻም «መንደርደሪያው 25 ግራ ነው» ከማለት ሌላ «ሊያሳስተን የሚችለው ምንድን ነው?» የሚለው ይነሣ፤ የተዘጋ መንደርደሪያ፣ በአጠገብ ያለ ሜዳ፣ የጠፋ መብራት በስሙ ይጠራ። ወጥመዱን አስቀድሞ የጠራ ሰው ሲያየው ያውቀዋል።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን የሚበልጠው ሁለተኛ ምስክር በጎን ያለው ሰው ነው። «አንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት ለኮክፒት የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ሰው መድኃኒት የሚሆነው ሲናገር ነው። አስተዳደጋችን ታናሽ ታላቁን በአደባባይ እንዳያርም፣ ካረመም በዘወርዋራ እንዲያርም ያስተምራል። ይህ በማዕድ ዙሪያ ጨዋነት ነው። በ500 ጫማ ላይ ግን «ካፒቴን፣ ትንሽ ወደ ቀኝ የሄድን አይመስልዎትም?» የሚለው ትሕትና የተሞላ ጥያቄ ስድስት ሰባት ሰከንድ ይበላል፤ መልስም ይጠይቃል። ዋናው አብራሪ «ምንም አይደለም» ካለ ጨዋው ረዳት ዝም ይላል፤ ዝምታውም ለዋናው አብራሪ ሁለተኛ ምስክርነት ሆኖ ይቈጠርለታል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰው አንድ ምስክር ይሆናል።

«ጎ አራውንድ» የምትለው አጭር የሥራ ቃል ጥቅሟ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ተነሥ» ቢባል ድፍረት፣ «ይነሡ» ቢባል ልመና ሊመስል ይችላል። «ጎ አራውንድ» ግን አንተም አንቱም የላትም። ታላቅ ለታናሽ፣ ታናሽ ለታላቅ እኩል ይናገራታል፤ በሰማም ጊዜ ማንም ያልተደፈረ፣ ማንም ያልተዋረደ ሆኖ አውሮፕላኑ ይነሣል። የሳን ፍራንሲስኮውን ሌሊት ከታላቅ ጥፋት የለየው ይኸው እርምጃ ነው። በንዶላም ሁለተኛው አውሮፕላን ያላረፈው ስለ ተነሣ ነው። ዋና አብራሪ የሆነ ሁሉ ከበረራ በፊት ለረዳቱ «ከተጠራጠርክ በላት፤ ከተባለች እነሣለሁ፤ ነገሩን መሬት ላይ እንነጋገራለን» ብሎ ቃል ቢሰጥ፣ የማንኛውንም መሣሪያ ዋጋ ያህል ዋጋ ያለው ነገር በኮክፒቱ ውስጥ አኖረ ማለት ነው። ተነሥቶ በሰላም ያረፈን አብራሪ ስለ ባከነው ነዳጅ መውቀስ ደግሞ የሚቀጥለውን አብራሪ ዝም ማሰኘት ነው።

ይህ ሁሉ ለመጪው ዘመን የበለጠ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ሁለት ማረፊያ የነበራት ከተማ ናት። ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ የልደታ ሜዳ ስላልበቃቸው ቦሌ ተሠራ፤ የልደታው አካባቢ እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ይባላል። አሁን ደግሞ በቢሾፍቱ አጠገብ፣ በአቡሴራ፣ አራት መንደርደሪያ ያለው ታላቅ ማረፊያ ለመሥራት ታቅዷል። ቦሌ ከእርሱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የአየር ኃይሉ ሐረር ሜዳ ደግሞ እዚያው ቢሾፍቱ ነው። አዲሱ አስፋልት ለበረራ ከመከፈቱ በፊት ጥቁር፣ ሰፊና ረጅም ሆኖ ከሰማይ የሚታይበት ወራት ይመጣል። ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጣ እንግዳ አብራሪ፣ ወይም ከሌሊት በረራ የሚመለስ የአገሩ ልጅ፣ በማለዳ ፀሐይ የሚያየው እርሱን ሊሆን ይችላል። ንዶላ ያስተማረችውን ያን ጊዜ ማስታወስ የማኅበሩ አባላት፣ የተቆጣጣሪዎችና የገንቢዎቹ የጋራ ግዴታ ነው። ያልተከፈተው መንደርደሪያ መዘጋቱን የሚያሳየው ታላቅ ኤክስ ምልክት አስፋልቱ በፈሰሰበት ሳምንት ይቀባበት፤ ማስታወቂያውም ከሌላ ወረቀት በታች ሳይቀበር ይውጣ፤ በካርታውም ላይ ሜዳው ከነአለመከፈቱ ይታይ።

የተከበራችሁ አባላት፤

ዓይን ለአብራሪ የተሰጠ ታላቅ ሀብት ነው፤ ይህ ንግግርም ዓይንን ለማዋረድ የቀረበ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓይን የሚያየው አስፋልትን ነው፤ ስሙን የሚሰጠው አእምሮ ነው፤ አእምሮም የሚሰጠው አስቀድሞ የጠበቀውን ስም ነው። ዛሬ ማታ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በሃያ ሁለት ቅያሶች ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ የለመዳችሁት ምልክት ከቦታው ጠፍቶ ብታገኙት ቆም ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ መንገደኛውም ሳይሰለች ያመላክታችኋል። በአየር ላይ የሚጠየቀው መንገደኛ በቀኝ ወይም በግራ ወንበር የተቀመጠው ባልደረባ ነው። ሳይጠየቅም እንዲናገር መብቱ ይጠበቅለት።